ኪ-67ን በላፕቶፕ መቁጠር፦ ስካነር ለሌለው ላቦራቶሪ

የጡት ካንሰር ስላይድ ላይ ኪ-67 (በሚባዙ ህዋሶች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን) የያዙ ኒውክለሶችን (የህዋስ አስኳሎችን) በዓይን መቁጠር አድካሚ ነው። ከድካሙ በላይ የሚያስቸግረው ግን ሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች አንድን ስላይድ አይተው የተለያየ ቁጥር ይዘው መምጣታቸው ነው። ኪ-67 ያለበት ኒውክለስ ሲቀለም ቡናማ፣ የሌለበት ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ አንዱ ፈዛዛውን ቡናማ ይቆጥራል፣ ሌላው ይዘለዋል። አንዱ ቡናማው የበዛበትን ቦታ ይመርጣል፣ ሌላው ከስላይዱ ከየቦታው ይወስዳል። ኮምፒውተር ይህን አለመግባባት አይፈታም፤ አንዴ የተወሰነለትን መስፈርት ግን በ400 ምስል ላይ ሳይታክትና ሳይለዋወጥ ይደግማል። መስፈርቱ የተበላሸ ከሆነ ብልሽቱንም እንዲሁ 400 ጊዜ ይደግመዋል። ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የያዘው ፕሮግራሙ ከመከፈቱ በፊት ያለው ሥራ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ካሜራ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ስቴጅ ማይክሮሜትር (መለኪያ መስመር የተቀረጸበት ስላይድ)፣ ራሙ ቢያንስ 8 (ከተቻለ 16) ጊጋባይት የሆነ ላፕቶፕ፣ ከዚያ ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች፦ ኪውፓዝ እና ፊጂ። ኪውፓዝ ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ አሁን በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ፣ ለፓቶሎጂ ምስል ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ፊጂ ደግሞ ብዙዎች የሚያውቁት ኢሜጅ ጄ ከተጨማሪ መሣሪያዎቹ ጋር ተጠቅልሎ የሚታደልበት ነው። ሁለቱም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ፤ አንዴ ከወረዱ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔትም ውድ ግራፊክስ ካርድም አይጠይቁም። ኪውፓዝ ለምርምር የተዘጋጀ መሣሪያ መሆኑን ግን ያስታውሱ። በታካሚ ውጤት ላይ የሚጻፈው ቁጥር የፓቶሎጂስቱ ኃላፊነት ነው።

ስላይዱ ላይ

ፕሮግራሙ የሚያየው ቀለም ብቻ ነው። ናሙናው በ10 በመቶ ኒውትራል ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ባነሰ ወይም ከ72 ሰዓት በበለጠ ከቆየ ኪ-67ን ፈልጎ የሚይዘው አንቲቦዲ አያያዙ ይዛባል፤ ያንን ምንም ሶፍትዌር አያስተካክለውም። ቁራጩ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን ይሁን። ከዚያ ሲወፍር ኒውክለሶች እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ፕሮግራሙም ሁለቱን አንድ ብሎ ይቆጥራል።

በብዛት የሚበላሸው የሄማቶክሲሊኑ (ኒውክለሶችን ሰማያዊ የሚያደርገው ማቅለሚያ) መጠን ነው። ለዓይን ደስ የሚለው ጥልቅ ሰማያዊ ለኮምፒውተር ጠላት ነው፤ ፈዛዛውን ቡናማ ይሸፍነውና ደካማ ፖዘቲቩ ኔጌቲቭ ሆኖ ይመዘገባል። ሄማቶክሲሊኑ ቀለል ብሎ የኒውክለሱ ጠርዝ ብቻ ጥርት ብሎ እስኪታይ ድረስ የማቅለሚያውን ጊዜ ያሳጥሩ፣ ከዚያ ያንን ጊዜ ለጥናቱ ሁሉ አይለውጡ። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር የቶንሲል ቁራጭ አብሮ ይቀለም። በቶንሲል ውስጥ ጀርሚናል ሴንተሩ በቡናማ ይሞላል፣ ዙሪያውን ያለው ማንትል አካባቢ ደግሞ በአብዛኛው ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ልዩነት ካልታየ የዚያን ዙር ስላይዶች ፎቶ ማንሳት ጊዜ ማባከን ነው።

ፎቶው

ኮምፒውተሩ የቀለምን ጥንካሬ የሚለካው በኦፕቲካል ዴንሲቲ ነው፤ ህብረህዋሱ ምን ያህል ብርሃን እንዳስቀረ ማለት ነው። 0.1 ሲሆን ከብርሃኑ 79 በመቶው አልፏል፣ 0.2 ሲሆን 63 በመቶው፣ 1 ሲሆን 10 በመቶው ብቻ። በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል ያለው ድንበር አብዛኛውን ጊዜ 0.2 አካባቢ ስለሚሆን፣ የመብራቱ ድምቀት በምስልና በምስል መካከል በ10 በመቶ ቢዋዥቅ እንኳ ድንበሩ ላይ ያሉት ህዋሶች ወዲያና ወዲህ ይዘላሉ።

ስለዚህ መብራቱን አብርተው እስኪረጋ ይጠብቁ፤ የሃሎጅን አምፖል ቮልቴጅ ሲቀየር የብርሃኑ ቀለምም ስለሚቀየር ማስተካከያውን አንድ ቦታ ላይ ይተዉት። የኮለር አብርሆትን ያስተካክሉ፦ የፊልድ ዳያፍራሙን ጠበብ አድርገው ጠርዙ ጥርት ብሎ እስኪታይ ኮንደንሰሩን ከፍና ዝቅ ያድርጉ፣ ወደ መሃል ያምጡት፣ ከዚያ ዳያፍራሙ ከዕይታው ጠርዝ ትንሽ እስኪያልፍ ይክፈቱት። በካሜራው ሶፍትዌር ላይ አውቶ ኤክስፖዠርን፣ አውቶ ዋይት ባላንስንና ምስል የሚያሳምሩ ማጣሪያዎችን በሙሉ ያጥፉ። ዋይት ባላንሱን ህብረህዋስ በሌለበት የስላይዱ ክፍል ላይ አንዴ ይሥሩ። ኤክስፖዠሩን ደግሞ ባዶው ቦታ ከ255 ውስጥ ከ230 እስከ 245 እንዲያነብ አድርገው ይቆልፉት። 255 ላይ ከደረሰ ብርሃኑ ሞልቶ ፈሷል፤ እዚያ ላይ የነበረው ፈዛዛ ቀለም ጠፍቷል፣ ተመልሶም አይገኝም።

በእያንዳንዱ የሥራ ቀን መጀመሪያ የባዶውን ቦታ ፎቶ አንድ ያንሱ። የምስሉ ማዕዘኖች ከመሃሉ ጠቆር ብለው ከታዩ በፊጂ ካልኩሌተር ፕላስ በሚለው መሣሪያ እያንዳንዱን ምስል ለባዶው ምስል ያካፍሉ፤ ኬ1 በሚለው ሳጥን የባዶውን ምስል አማካይ ዋጋ፣ ኬ2 ላይ 0 ይጻፉ። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ማዕዘን ላይ ያሉ ኒውክለሶች ያለቀለማቸው ፖዘቲቭ ይሆናሉ።

ምስሉን በቲፍ ያስቀምጡ። ጄፔግ ቦታ የሚቆጥበው የቀለም ዝርዝርንም በመቀነስ ነው፤ እኛ የምንለካው ደግሞ ቀለሙን ነው። ባለ 5 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱ ቲፍ 15 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ 40 ናሙና በ10 ምስል ቢነሳ 6 ጊጋባይት ነው፣ ማንኛውም ሃርድ ዲስክ ይችለዋል። በአይፒሱ ላይ ስልክ ደግፎ ማንሳት ለማስተማሪያ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። ስልኩ እያንዳንዱን ፎቶ በራሱ መንገድ ያደምቃል፣ ያሰላል፤ ይህንንም ሙሉ በሙሉ ማስቆም ብዙውን ጊዜ አይቻልም።

ፒክስሉን ወደ ማይክሮን

ኪውፓዝ ኒውክለስን የሚፈልገው በማይክሮን ስለሆነ አንድ ፒክስል ስንት ማይክሮን እንደሆነ መንገር ግዴታ ነው። ስቴጅ ማይክሮሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር በ100 ክፍል ተከፍሏል፣ አንዱ ክፍል 10 ማይክሮን ነው። በምትሠሩበት ኦብጀክቲቭ ፎቶ አንሥታችሁ በፊጂ ቀጥታ መስመር 20 ክፍሎችን ይሸፍን። መስመሩ 1,000 ፒክስል ከሆነ 200 ለ1,000 ተካፍሎ 0.2 ማይክሮን በፒክስል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ኦብጀክቲቭ ለየብቻ ይለካ፤ ካሜራው ላይ የምስሉ መጠን ከተቀየረም እንደገና።

ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ የሚያስከትለው ስህተት ደግሞ በዓይን አይታይም። ቁጥሩ በግማሽ ቢያንስ ስፋት በ4 እጥፍ ያንሳል። 7 ማይክሮን ዲያሜትር ያለው የሊምፎሳይት (የመከላከያ ህዋስ) ኒውክለስ ስፋቱ 38 ካሬ ማይክሮን ገደማ ነው፤ በተሳሳተው መለኪያ ከ10 በታች ይወርድና ፕሮግራሙ ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥለዋል። ቁጥሩ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ትልልቆቹ የካንሰር ኒውክለሶች ከከፍተኛው ገደብ ያልፋሉ።

የትኛውን ቦታ፣ ስንት ምስል

ዓለም አቀፉ የጡት ካንሰር ኪ-67 የሥራ ቡድን በ2011 ባወጣው ምክር ቢያንስ 500፣ ቢቻል 1,000 የካንሰር ህዋስ እንዲቆጠር፣ ቢያንስ 3 ከፍተኛ ማጉሊያ ዕይታ እንዲታይ፣ የቡናማው ጥንካሬ ምንም ይሁን ምን ቡናማ የቀለመ ኒውክለስ ሁሉ ፖዘቲቭ እንዲባል ይላል። ቡናማው የበዛበት ቦታ ይቆጠር ወይስ አማካዩ የሚለውን ከመጀመሪያው ምስል በፊት ወስነው በወረቀት ያስፍሩ። በመሃል መቀየር ጥናቱን ሁለት ጥናት ያደርገዋል። ከዕይታ ወደ ዕይታ ሲሄዱ ምስሎቹ እንዳይደራረቡ ሙሉ አንድ ዕይታ ያህል ስቴጁን ያንቀሳቅሱ። የፋይሉ ስም ኮድና የምስል ቁጥር ብቻ ይሁን፤ የታካሚ ስም በምንም መልኩ አይግባ።

ኪውፓዝ ውስጥ

ባዶ ፎልደር ከፍተው በዚያ ላይ ፕሮጀክት ይፍጠሩ፣ ምስሎቹን ያስገቡ፣ የምስሉን ዓይነት ብራይትፊልድ ኤች ዳብ ብለው ይምረጡ (ኤች ሄማቶክሲሊን፣ ዳብ ቡናማውን የሚሰጠው ማቅለሚያ ነው)። ኪውፓዝ ምስሎቹን ቀድቶ አያስቀምጥም፣ ያሉበትን ቦታ ብቻ ያስታውሳል፤ ፎልደሩን ካዘዋወሩት አድራሻውን እንደገና ይጠይቅዎታል። ኢሜጅ በሚለው ታብ ላይ የፒክስል ስፋትና ቁመት ባዶ ከሆነ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው የለኩትን ያስገቡ።

ቀጥሎ የቀለም መለያየት ነው። ቡናማ፣ ሰማያዊና ባዶ ቦታ ሦስቱም ያሉበት ጥሩ ምስል ይምረጡ፣ ሦስቱን የያዘ አራት ማዕዘን ይሳሉ፣ ከአናላይዝ ሜኑ ኢስቲሜት ስቴይን ቬክተርስ የሚለውን ያስኪዱ። ፕሮግራሙ በእናንተ ላቦራቶሪ ሄማቶክሲሊን ምን ዓይነት ሰማያዊ፣ ዳብ ምን ዓይነት ቡናማ እንደሆነ ከምስሉ ይማራል። አዲስ የማቅለሚያ ዙር ሲመጣ ይህ እርምጃ ይደገም። ምንም የቀለም ማስተካከያ የማይለየው ነገርም አለ፦ ቀደም ሲል መርፌ በተደረገበት ቦታ የሚገኝ ሄሞሲደሪን (ከፈሰሰ ደም የሚቀር ብረት ያዘለ ነገር) ራሱ ቡናማ ነው፤ የያዙት ማክሮፌጆችም (ቆሻሻ የሚውጡ ህዋሶች) ፖዘቲቭ መስለው ይቆጠራሉ። እንዲህ ያለውን ቦታ በእጅ ማስወጣት ብቻ ነው መፍትሄው።

ከዚያ ፓቶሎጂስቱ የሚቆጠረውን የካንሰር ክፍል በኪውፓዝ መሳያ መሣሪያዎች በዋንድ ወይም በብሩሽ ይከልላል። ከቱቦው ያልወጣው ካንሰር፣ ጤናማው ቱቦ፣ የሞተው ህብረህዋስ፣ የተጨፈለቀው ጠርዝ ውጭ ይቅር። ይህን ለማሽን መተው የሚፈተን ቢሆንም በእኛ እምነት ለጥቂት መቶ ምስል የሰው ዓይን ይበልጣል፤ ለአንድ ምስል የሚወስደውም አጭር ጊዜ ነው።

አሁን ከአናላይዝ ሥር ሴል ዲቴክሽን፣ ከዚያ ፖዘቲቭ ሴል ዲቴክሽን ይክፈቱ። የሚመጣው ሳጥን ቁጥር የበዛበት ቢሆንም ውጤቱን የሚወስኑት ጥቂቶቹ ናቸው። ኒውክለስ የሚፈለግበት ምስል ኦፕቲካል ዴንሲቲ ሰም ይሁን፤ ሄማቶክሲሊን ብቻ ከተመረጠ በቡናማ የተሞሉት ኒውክለሶች ሰማያዊ ስለሌላቸው ይዘለላሉ። ፒክስል ሳይዝ 0.5፣ ባክግራውንድ ሬዲየስ 8፣ ሲግማ (ምስሉ የሚለሰልስበት መጠን) 1.5፣ ዝቅተኛ ስፋት 10፣ ከፍተኛ ስፋት 400፣ ትሬሾልድ (ኒውክለስ ለመባል የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የቀለም ጥንካሬ) 0.1፣ የዳብ ድንበር 0.2 ሆነው ይጀምሩ። ከዚያ ምስሉን አጉልተው ዲ ቁልፍን እየተጫኑ መስመሮቹን ደጋግመው ያጥፉና ያብሩ፤ ቀይ መስመር ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊ ኔጌቲቭ ነው።

አንድ ትልቅ ኒውክለስ ለሁለት ለሦስት ተቆራርጦ ከታየ ሲግማን ወደ 2 ያስጠጉ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ መስመር ከተከበቡ ወደ 1 ያውርዱ። ባዶ ስትሮማ (በካንሰሩ ዙሪያ ያለው ደጋፊ ህብረህዋስ) ላይ መስመር ከተሳለ ትሬሾልዱ ዝቅ ብሏል። ፈዛዛና ሰፋፊ ኒውክለሶች መስመር ሳያገኙ ከቀሩ ከፍ ብሏል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠፉት ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቮቹ ናቸው። 1,000 ህዋስ ውስጥ 180 ፖዘቲቭ ካለ 18 በመቶ ነው። ከኔጌቲቮቹ 200 ቢዘለሉ 180 ለ800 ሆኖ 22.5 በመቶ ይወጣል። አንድም ፖዘቲቭ ሳይሳሳት ውጤቱ ተሳስቷል፤ ቀይ መስመሮቹን ብቻ የሚፈትሽ ሰው ደግሞ ይህን ፈጽሞ አያየውም። ሁልጊዜ መስመር ያልተሳለባቸውን ኒውክለሶች ይፈልጉ።

0.2ን እንደ ሕግ አይቀበሉት። ከሜዠር ሜኑ የዲቴክሽን መለኪያዎችን ሰንጠረዥ ከፍተው የኒውክለስ ዳብ አማካይን ሂስቶግራም ይመልከቱ፤ ከግራ የኔጌቲቮቹ ክምር፣ ከቀኝ የፖዘቲቮቹ ጅራት ይታያል። ድንበሩን በመካከላቸው ባለው ዝቅታ ላይ አድርገው በቶንሲሉ ይፈትኑት። ዝቅታው ግልጽ ካልሆነ ፓቶሎጂስቱ ድንበሩ ላይ ያሉትን ኒውክለሶች አንድ በአንድ አይቶ ይወስን።

በካንሰሩ መሃል ሊምፎሳይቶች በብዛት ከገቡና በእጅ ለመከለል ካልተመቹ፣ ፕሮግራሙን ማሠልጠን ይቻላል። ትሬይን ኦብጀክት ክላሲፋየር (ህዋሶችን በዓይነት የሚለየውን ማሠልጠኛ) በሚለው ውስጥ ራንደም ትሪስን መርጠው፣ ከተለያዩ ታካሚዎች በተወሰዱ ምስሎች ላይ የካንሰር፣ የስትሮማና የመከላከያ ህዋስ ምሳሌዎችን ያመልክቱ። ከአንድ ምስል ብቻ የተማረ ክላሲፋየር በዚያው ምስል ላይ ድንቅ ነው፣ በሌላው ላይ ይወድቃል። ካስኬዱት በኋላ ሴት ሴል ኢንተንሲቲ ክላሲፊኬሽንስ የሚለውን ያስከትሉ፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በአዲሶቹ ክፍሎች ላይ በየራሳቸው እንዲጻፉ።

ከማስኬድ በፊት ፈተና

መለኪያውን ያስተካከሉባቸውን ምስሎች ለፈተና አይጠቀሙ። ሌሎች 20 ምስሎች፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ኪ-67 ያላቸው ተቀላቅለው ይመረጡ፤ ሰው የማሽኑን ቁጥር ሳያይ ይቁጠር። ለማወዳደር ኮሪሌሽን አይበቃም፤ ማሽኑ ሁልጊዜ የሰውን እጥፍ ቢያመጣ እንኳ ኮሪሌሽኑ 1 ይሆናል። በብላንድና አልትማን ዘዴ የሁለቱን ልዩነት ከአማካያቸው አንጻር ይሳሉ። ልዩነቱ በአንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ወይ ድንበሩ ወይ ትሬሾልዱ ይስተካከል፤ ከዚያም በሌሎች አዲስ ምስሎች እንደገና ይፈተን።

አሁን ይደገም

ኪውፓዝ የሠሩትን ሁሉ ወርክፍሎው በሚለው ታብ ላይ ይመዘግባል። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ሙከራዎቹንና የተደጋገሙትን እርምጃዎች አጥፍተው ክሪኤት ስክሪፕት ይበሉ። ስክሪፕቱ ውስጥ በቅደም ተከተል የምስሉ ዓይነት፣ የቀለም ቬክተሮቹ፣ የፒክስል መጠን፣ አኖቴሽኖችን (ፓቶሎጂስቱ የከለላቸውን ቦታዎች) ምረጥ የሚለው ትእዛዝ፣ በመጨረሻ ዲቴክሽኑ መኖራቸውን ያረጋግጡ። አኖቴሽን ምረጥ የሚለው ከጎደለ ስክሪፕቱ ምንም ሳይቆጥር ያልፋል። ሁሉንም ኦብጀክት አጥፋ የሚል መስመር ገብቶ ከተገኘ ደግሞ ወዲያው ያውጡት፤ ፓቶሎጂስቱ የከለለውን ሁሉ ከየምስሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ከማስኬድ በፊት የፕሮጀክቱን ፎልደር ሙሉ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ።

መጀመሪያ በ3 ምስል ብቻ ይሞክሩ። ከዚያ የተከፈተውን ምስል ሴቭ አድርገው ራን ፎር ፕሮጀክት ይምረጡና ምስሎቹን ያስገቡ። ፕሮግራሙ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ከቆመ በፕሪፈረንስ ውስጥ የሚፈቀድለትን ሜሞሪ ወደ ራሙ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያሳድጉ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ትሬዶች ቁጥር ወደ 2 ይቀንሱ፤ ይዘገያል እንጂ አይወድቅም። ውጤቱ እያንዳንዱ ምስል ሲያልቅ ስለሚቀመጥ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ቢዘጋ ያለቁት አይጠፉም፤ የቀሩትን ብቻ መርጠው ይቀጥሉ።

ቁጥሩን ማውጣት

ኤክስፖርት ሜዠርመንትስ ላይ የአኖቴሽን ደረጃን መርጠው በሲኤስቪ ያውጡ። የሚፈለጉት የምስሉ ስም፣ የፖዘቲቭ ብዛትና የኔጌቲቭ ብዛት ናቸው። የአንድ ታካሚ ብዙ ምስሎች ካሉ በመቶኛዎቹን አያማክሉ፤ ብዛቶቹን ደምረው ያካፍሉ። አንዱ ምስል 100 ህዋስ ይዞ 40ው ፖዘቲቭ፣ ሌላው 600 ይዞ 60ው ፖዘቲቭ ቢሆን፣ የበመቶኛዎቹ አማካይ 25 ነው፤ ትክክለኛው ግን 100 ለ700፣ ማለትም 14.3 በመቶ ነው።

ፋይሉን በኤክሴል ሲከፍቱ 3-12 ዓይነት ኮድ ወደ ቀን ይለወጣል፤ ሴቭ ከተደረገ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ኮዶቹን ከመጀመሪያው በፊደል አስጀምሯቸው፣ ወይም ሲኤስቪውን ሲያስገቡ ያንን ዓምድ ቴክስት ብለው ይምረጡ።

ከውጤቱ ጋር ስክሪፕቱን፣ የኪውፓዙን ቨርዥን ቁጥር፣ የአንቲቦዲውን ክሎን (ዓይነት) እና የማቅለሚያውን ዙር ቀን በአንድ ፎልደር ያኑሩ። ጥናቱ ሳያልቅ አዲስ ቨርዥን ቢወጣ አይቀይሩ፤ መቀየር የግድ ከሆነ የፈተናዎቹን 20 ምስሎች በአዲሱ አስኪደው ቁጥሮቹ ከድሮው ጋር መግጠማቸውን ካዩ በኋላ ብቻ ቀሪውን ይቀጥሉ።